የሩቅ ፍንዳታ ፍም፦ የጋማ ጨረር ቅሪት ብርሃንን ከጎጃም ለመከታተል የቱን እንምረጥ?

40 ሴንቲ ሜትር መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ 20 ሴንቲ ሜትር ካለው አራት እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ስለዚህ ገንዘብ ያገኘ ሁሉ ትልቁን ይመኛል። የጋማ ጨረር ፍንዳታን ቅሪት ብርሃን ለሚያሳድድ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ትንሹ ግቢ ውስጥ ተተክሎ ይደር እንበል፤ ፍንዳታ ካዩ ሳተላይቶች ጥቆማ ሲመጣ ሸራው ተነሥቶ ከፍንዳታው በ5ኛው ደቂቃ ሥራ ይጀምራል። ትልቁ ከቤት እስኪወጣ፣ እስኪገጣጠም፣ መስታወቱ ከሌሊቱ አየር ጋር እኩል እስኪቀዘቅዝ 60ኛው ደቂቃ ይደርሳል። ቅሪት ብርሃኑ ደግሞ በአብዛኛው ጊዜው በረዘመበት መጠን ይደበዝዛል፦ ጊዜው 12 እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ አንድ አሥራ ሁለተኛ ይወርዳል። ትልቁ በመስታወቱ 4 እጥፍ አተረፈ፣ በመዘግየቱ 12 እጥፍ ከሰረ።

ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር ሁሉ ከዚህ ሒሳብ የሚነሣ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኜ ለዓመታት ይህን ሥራ ስከታተል የተረዳሁት፣ እኛ ዘንድ ጨለማ ሰማይ ሞልቷል፤ የሚያጥረን ደቂቃ ነው። ደቂቃውን የሚበላብንም መብራት፣ ኔትወርክ፣ መንገድና ያልተዘጋጀ መሣሪያ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ ግዙፍ ኮከብ ሲሞት እምብርቱ ወደ ራሱ ይወድቃል፤ ወይም ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች (እጅግ የታመቁ የሞቱ ኮከቦች) ይዋሐዳሉ። ከዚያ ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ ጅረት ይወረወራል። ጋማ ጨረሩ ከሰከንድ ካነሰ ጊዜ እስከ ደቂቃዎች ቆይቶ ያበቃል። ጅረቱ ግን ጉዞውን አያቆምም፤ በዙሪያው ካለው ስስ ጋዝ ጋር እየተላተመ ኤክስሬይ፣ የሚታይ ብርሃንና የሬዲዮ ሞገድ ይሰጣል። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ቀረ እንደማለት ነው። ፍንዳታዎቹን ቬላ የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ቢመዘግቧቸውም ለ30 ዓመት ያህል ፍሙን ያየ አልነበረም። እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 1997፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 21 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ቤፖሳክስ የተባለችው ሳተላይት አንዱን ፍንዳታ ያዘች፤ ላ ፓልማ ደሴት ላይ ያለው የዊልያም ኸርሸል ቴሌስኮፕም እየደበዘዘ ያለውን ነጥብ ፎቶ አነሣው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1997 የተያዘው ሌላ ፍንዳታ ርቀቱ ሲለካ በቢሊዮን የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ሆኖ ተገኘ።

ድምቀት የሚለካው በማግኒትዩድ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይቀንሳል። ጨለማ ቦታ ላይ ዓይን እስከ 6 አካባቢ ያያል። 5 ማግኒትዩድ ማለት የ100 እጥፍ ልዩነት ነው። ከላይ ባልነው ሕግ ከ10ኛው ደቂቃ እስከ 100ኛው ደቂቃ ድረስ ፍሙ 2.5 ማግኒትዩድ ይወርዳል። ከዚያ እስከ 1000ኛው ደቂቃ ሌላ 2.5። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፤ መሣሪያ ስትመርጡ የምትመዝኑት በእሱ ነው።

ሦስት ቀኖች በጎጃም ሰዓት

መሣሪያን በወሬ ከማወዳደር በእውነተኛ ሌሊት መፈተን ይሻላል። ሦስት የታወቁ ፍንዳታዎችን ወስጄ እኛ ሰማይ ላይ ምን ይመስሉ እንደነበር አሰላሁ።

አንደኛው መጋቢት 20 ቀን 1995 ዓ.ም. የደረሰው፣ ጂአርቢ 030329 የተባለው ነው (ጂአርቢ የእንግሊዝኛው ስም ምኅጻር ነው፤ ቁጥሩ የደረሰበት ቀን ነው)። ሰዓቱ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ነበር፤ ቦታው የተነገረው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ነው። ሲመሽ የአሰድ ኅብረ ኮከብ በምሥራቅ ከፍ ብሎ ወጥቷል፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሳይሞላም ወደ አናት ይደርሳል። የወሩ ጨረቃ ማለቂያ ስለሆነ ሰማዩ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ፍሙ ምሽቱ ሲጀምር 14 ማግኒትዩድ አካባቢ ነበር። 25 ሴንቲ ሜትር ዶብሶኒያን (በእጅ የሚዞር ቀላል ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ) ይዞ ጮቄ ተራራ ሥር የቆመ፣ ዓይኑን ያሠለጠነ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ጥርት ባለ አየር ሊያየው ይችል ነበር፤ ያውም በጠርዙ። ማንኛውም ካሜራ ያለው ትንሽ ቴሌስኮፕ ግን ያለችግር ይይዘው ነበር። ቀናት አልፈው ከፍሙ ውስጥ የሱፐርኖቫ (የሚፈነዳ ኮከብ) ብርሃን ብቅ ሲል ጋማ ጨረራቸው ረዘም የሚሉት ፍንዳታዎች ከግዙፍ ኮከቦች ሞት ጋር እንደሚያያዙ ተረጋገጠ።

ሁለተኛው መጋቢት 10 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ የመጋቢት መስቀል፣ ያውም በሚሊኒየሙ ዓመት። ጂአርቢ 080319ቢ ይባላል። 7.5 ቢሊዮን ዓመት የተጓዘ ብርሃን ለአጭር ጊዜ 5.3 ማግኒትዩድ ደረሰ፤ ወደዚያ አቅጣጫ ቀና ያለ ሰው ያለምንም መሣሪያ ሊያየው ይችል ነበር። በእኛ ሰዓት ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ12 ነበር። ጎጃም በፀሐይ ብርሃን ተጥለቅልቋል፤ የትኛውም ቴሌስኮፕ አይረዳም። ይህን ዕለት ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ከዚህ በታች ስለ ኪራይ ቴሌስኮፕ የምጽፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው መስከረም 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የደረሰው ጂአርቢ 221009ኤ ነው፤ እስካሁን በጋማ ጨረር ከተመዘገቡት ሁሉ እጅግ ብሩሁ። ፌርሚ ሳተላይት የመዘገበችው በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ ነው። ሲጨልም ቦታው፣ ሳጂታ በተባለችው ትንሽ ኅብረ ኮከብ ውስጥ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ከአናት 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ያጋደለ ነበር። ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ግን ሙሉ ጨረቃ ነበረች፤ በዚያ ላይ አቅጣጫው ከፍኖተ ሐሊብ ወለል አጠገብ ስለሆነ የራሳችን ጋላክሲ አቧራ አደብዝዞት 16 እና 17 ማግኒትዩድ መካከል ወርዷል። ለዶብሶኒያን ዓይን የማይታሰብ ነው። ለ50 ሚሊ ሜትር ስማርት (በስልክ የሚታዘዝ) ቴሌስኮፕ በጨረቃ ብርሃን ከአቅም በላይ ወይም አፋፍ ላይ፤ 20 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ከቀዝቃዛ (ራሱን ከሚያቀዘቅዝ) ካሜራ ጋር ግን ምሽቱን ሙሉ ይለካዋል። አቧራ ሰማያዊ ብርሃንን ከቀዩ ይልቅ ስለሚውጥ በዚያ ምሽት ቀይ ፊልተር ያደረገ ሰው ያተርፍ ነበር።

መሣሪያ ከመሣሪያ

በዓይን ለማየት ብሎ ዶብሶኒያን መግዛት ለዚህ ሥራ አያዋጣም። ለጨረቃ፣ ለጁፒተር፣ ለተማሪ ደስታ ከእሱ የተሻለ የለም፤ እኔም በተማሪዎቼ ፊት የማቆመው እሱን ነው። ፍም ግን በአሥር ዓመት አንዴ ያሳያችሁ ይሆናል።

ካሜራ ከ135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ብዙ ሰው ይንቀዋል። አልስማማም። እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1999 የደረሰውን ፍንዳታ ገና ጋማ ጨረሩ ሳያበቃ፣ 9 ማግኒትዩድ ላይ ሳለ የያዘው ሮትሴ የተባለ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የነበረ መሣሪያ ነው፤ እሱም አራት የካሜራ ሌንሶች ባንድ ማውንት (መቆሚያና ማዞሪያ) ላይ ታስረው ነበር። ጥቅሙ ስፋቱ ነው፤ አንድ ፎቶ 60 ካሬ ዲግሪ ያህል ሰማይ ይሸፍናል። ጉዳቱ ደግሞ ከ13 ወይም 14 ማግኒትዩድ በታች ለመውረድ መቸገሩ ነው።

ብዙ ሰው የሚያመነታው በስማርት ቴሌስኮፕና በ20 ሴንቲ ሜትሩ መካከል ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። ሲስታር ኤስ50ን የመሰሉት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ካሜራ፣ ሞተርና ባትሪ ባንድ ሣጥን የያዙ ናቸው። ከስልክ ጋር የሚገናኙት በራሳቸው ዋይፋይ ስለሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራሉ፤ መብራት ቢጠፋም ባትሪያቸው ለብዙ ሰዓት ይቆያል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ፣ የፍንዳታውን የሰማይ አድራሻ ቁጥር አስገብታችሁ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፎቶ እየገባላችሁ ነው። ጨለማ ሰማይ ላይ ብዙ የ10 ሰከንድ ፎቶዎችን ሲደራርቡ 16 ማግኒትዩድ አካባቢ ይወርዳሉ። ሁለት ነገር ግን አደራ። የከተማ ብርሃን መከላከያ ፊልተሩን አጥፉት፤ የፍሙ ብርሃን በሁሉም ቀለም የተዘረጋ ስለሆነ ፊልተሩ አብዛኛውን ይውጥባችኋል። ደግሞም እያንዳንዱን ፎቶ ለየብቻ እንዲያስቀምጥ እዘዙት። የተደራረበው የመጨረሻ ምስል ብቻ ከቀረ በየደቂቃው ምን ያህል እንደደበዘዘ መለካት አይቻልም፤ ልኬት ከሌለ ደግሞ ሥራው ምን ቀረው?

20 ሴንቲ ሜትር ኒውቶኒያን (ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ)፣ የሰማዩን ዙረት የሚከተል ኢኳቶሪያል ማውንትና ቀዝቃዛ ጥቁርና ነጭ ካሜራ ያለው ሰው ፊልተር ሳያደርግ የአሥር ደቂቃ ፎቶዎችን ሲደራርብ 18 ማግኒትዩድ ይደርሳል። ይህ የሁለት ማግኒትዩድ ብልጫ ቀላል አይደለም። በ10 ደቂቃ 16 የሆነ ፍም 18 የሚሆነው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ያንን ሰዓት ሁሉ ይከታተለዋል፣ ትንሹ ግን ገና መጀመሪያው ላይ ያጣዋል። ችግሩ ገመዱ፣ ኮምፒውተሩ፣ የ12 ቮልት ባትሪው፣ ከባዱ ማውንት ነው። በቋሚነት ተክላችሁ፣ በቆርቆሮ ወይም በሸራ ሸፍናችሁ፣ ባትሪውን ሁልጊዜ ሞልታችሁ የምታሳድሩት ከሆነ እሱን ግዙ። ከአልጋ ሥር ተጎትቶ የሚወጣ ከሆነ ስማርቱ ይቀድመዋል። አማተር ምን ይደርሳል ለሚል ሰው፣ በርቶ ሞናርድ ፕሪቶሪያ ላይ ሆኖ በ30 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ የጂአርቢ 030725ን ቅሪት ብርሃን ከማንም ቀድሞ አግኝቷል። እሱም እንደ እኛ አፍሪካ ላይ የነበረ ሰው ነው።

ኢኳቶሪያሉን ለመረጠ አንድ የጎጃም ችግር አለ። የሰሜን ኮከብ እኛ ዘንድ ከአድማስ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል። የእኔ ግቢ ውስጥ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ይጋርደዋል፤ ዛፍ በሌለበትም ጭጋግና የምድጃ ጭስ ይውጠዋል። ስለዚህ በሰሜን ኮከብ መነጽር የሚስተካከለውን ትታችሁ፣ ሌላ የሰማይ ክፍል ሦስት ጊዜ ፎቶ አንሥቶ ዘንጉን የሚያስተካክል ፕሮግራም ተጠቀሙ። ይህ ዝቅታ በሌላ በኩል በረከት ነው፦ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ስለሆንን የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ከሞላ ጎደል ይታየናል። የአውሮፓ ሰው የማያየውን የደቡብ ፍንዳታ፣ የደቡብ አፍሪካ ሰው የማያየውን የሰሜን ፍንዳታ እኛ እናያለን። ቺሊና ካናሪ ደሴቶች ገና ፀሐይ ሳይጠልቅላቸው እዚህ ይመሻል።

የመጨረሻው አማራጭ የራስ ቴሌስኮፕ ሳይኖር በሩቅ መሥራት ነው። ላስ ኩምብሬስ የተባለው ተቋም ሃዋይ፣ ቺሊ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አውስትራሊያና ሌሎችም ቦታዎች ላይ ቴሌስኮፖች አሉት፤ ለትምህርት አጋሮቹም ሰዓት ይሰጣል። በገንዘብ የሚከራዩም አሉ። የመጋቢት መስቀሉን የመሰለ የቀን ፍንዳታ ሲመጣ ያለው መንገድ ይኸው ነው። ለትምህርት ቤት ክበብ ይህንን አስቀድማለሁ፤ አንድ ኮምፒውተርና ለአጭር ጊዜ የሚሠራ ኔትወርክ ይበቃል። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ግን ወረፋውና ኔትወርኩ ተደራርበው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ይበሉታል።

የማንን ጥቆማ እንስማ?

ሳተላይቶቹ ያገኙትን ጂሲኤን በሚባለው መረብ በነጻ ይልካሉ፤ በኢሜይል መመዝገብ ይቻላል። መልእክቱ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ በደካማ መስመርም ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የመጠቀችው ስዊፍት በጋማ መነጽሯ ጥቂት የቅስት ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ) ስፋት ያለው ቦታ ትሰጣለች፤ ወዲያው ዞራ በኤክስሬይ ስታየው ወደ ቅስት ሰከንዶች (የቅስት ደቂቃ ስልሳኛ) ታጠበዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የምትሠራው ፌርሚ ብዙ ፍንዳታ ትይዛለች፣ ነገር ግን በብዙ ዲግሪ የሰፋ ክብ ነው የምትናገረው። ባለ 5 ዲግሪ ራዲየስ ክብ 78 ካሬ ዲግሪ ያህል ነው፤ ስማርት ቴሌስኮፕ ባንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ካሬ ዲግሪ አይሞላም። ሰማንያ ፎቶ ጎን ለጎን እስክታነሡ ፍሙ ከስሏል። ስለዚህ ጠባብ ቴሌስኮፕ ያለው የስዊፍትን ጥቆማ፣ ሰፊ ሌንስ ያለው የፌርሚንም ጭምር ይከተል። የቻይናና የፈረንሳይ የሆነችው ኤስቮም እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 መጥቃለች፤ የእሷንም መዝግቡ።

ጥቆማው የሚለውን ብቻ አምናችሁ አትተዉ። የመስከረም 29ኙን ፍንዳታ ስዊፍት ያየችው ፌርሚ ከመዘገበችው አንድ ሰዓት ገደማ ዘግይታ ነበር፤ በፍኖተ ሐሊብ አቅጣጫ ስለሆነም መጀመሪያ የራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ያለ ነገር መስሎ ተነገረ። በዚያ ምክንያት ትቶ የተኛ ሰው የዘመኑን ትልቁን ፍንዳታ አመለጠው።

ግቢ፣ ጮቄ ወይስ ሐይቅ ዳር?

ጮቄ ላይ ያለው ሰማይ ሌላ ነው። ከ3500 ሜትር በላይ ጅብራው መሐል ቆማችሁ ስታዩ ፍኖተ ሐሊብ ጥላ የሚጥል ይመስላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የኮከብ ብርሃን እምብዛም አይባክንም። አንድ የታኅሣሥ ሌሊት እዚያ ሳድር ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ ሸፈነን፤ የስልኬ ባትሪ በብርዱ ከግማሽ ወደ ዜሮ ወረደ፤ ሌንሱን በጋቢዬ ጠቅልዬ ነው ከጤዛ ያተረፍኩት። ጥቆማ ቢመጣ ኖሮ ኔትወርክም አልነበረም። ፍንዳታ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ጮቄ ላይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማደር አይቻልም።

ባሕር ዳር ኔትወርኩም መብራቱም ይሻላል፤ ነገር ግን 1800 ሜትር ላይ ነው፣ የሐይቁ እርጥበት አለ፣ የከተማው ብርሃንም ሰማዩን ያነጣዋል። ደጀን አካባቢ፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ደቡቡ ወለል ብሎ ይታያል፤ ከየካቲት በኋላ ግን አቧራው አድማሱን ቡናማ ያደርገዋል። አዊ ውስጥ በፋግታ ለኮማ በኩል የከሰል ጭስ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ዝቅ ብሎ ይተኛል። የእኔ ምርጫ 2400 ሜትር ላይ ያለው የራሴ ግቢ ነው፤ የመንገድ መብራት በሌለበት ጥግ፣ ከመኝታ ቤት ሃያ እርምጃ። በሌሊት መንቀሳቀስ አስጊ በሆነባቸው ጊዜያት ደግሞ ከግቢ መውጣት ለምርጫ እንኳ አይቀርብም፤ ለኮከብ ብሎ ማንም ሰው ራሱን አደጋ ላይ አይጣል።

ክረምቱን ምን እናድርግ? ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ጎጃም ላይ ሰማይ የለም ማለት ይቻላል። ያኔ የስዊፍትን መረጃ አውርዱና ለኩበት፤ ለሁሉም ክፍት ነው። ለፎቶ ማመሳከሪያ አስታፕ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከነኮከብ ዝርዝሩ ኔትወርክ ባለበት ቀን ጫኑት፤ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ በድረ ገጽ ላይ ከሚሠሩት ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። መስከረም ሲጠባ እጃችሁ ለምዶ ይጠብቃችኋል።

በሌሊቱ ላይ

ረጅም አንድ ፎቶ ወይስ ብዙ አጭር? ብዙ አጭር። መብራት ቢጠፋ፣ ውሻ ቢነካው፣ ሳተላይት ቢያልፍ የሚበላሸው አንዱ ብቻ ነው፤ በኋላም እንደ ድምቀቱ አምስት አምስቱን ወይም ሃያ ሃያውን መደራረብ ይቻላል። ፍሙ ሲደበዝዝ የምትደራርቡትን ፎቶ አብዙ።

ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ጻፉ። ይህን የምለው ስለተጎዳሁበት ነው። በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን በዩቲሲ እኩለ ሌሊት ነው፣ ቀኑም የሚለወጠው ያኔ ነው። አንድ ሌሊት ከ9 ሰዓት በኋላ ያነሣኋቸውን በሙሉ በትናንቱ ቀን መዝግቤ፣ የድብዘዛው መስመር ለምን እንደተገለበጠ ሳይገባኝ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አሁን በማስታወሻዬ መጀመሪያ ገጽ ላይ «ሌሊት 9 = ዩቲሲ 0» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።

ምንም ካላያችሁስ? አብዛኛው ሌሊት እንዲያ ነው። በፎቶው ላይ የሚታየውን እጅግ ደብዛዛ ኮከብ ማግኒትዩድ ፈልጉና «በዚህ ሰዓት፣ እስከ 17.8 ድረስ ምንም የለም» ብላችሁ መዝግቡ። ፍሙ ከዚያ በታች እንደነበረ የሚናገር ልኬት ነው፤ ሌላው የለካው ጋር ሲጋጠም ቅርጹን ያሟላል።

ነጥብ ያገኛችሁ ከመሰላችሁ ደግሞ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን የተደራረበ ምስል በኮምፒውተሩ ላይ እያፈራረቃችሁ ተመልከቱ። ሌሎቹ ኮከቦች ንቅንቅ አይሉም፤ አንዷ ብቻ ትደምቃለች፣ ትደበዝዛለች። አስትሮይድ ከሆነች ቦታ ትለውጣለች። ስለዚህ በማግስቱ ምሽት ያንኑ ቦታ ያው ካሜራ፣ ያው ኤክስፖዠር አድርጋችሁ ድገሙት። ነጥቧ እዚያው ሆና ትናንት በነበረችበት ድምቀት ካለች ተራ ኮከብ ናት፤ ቦታዋ ባዶ ከሆነ ግን የትናንቱን ፎቶ በሁለት ቦታ አስቀምጡና ልኬቱን ዛሬውኑ ላኩ።